ገመዱን ከድራማችን አውጡልን

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በአገራችን ድራማና ፊልም ዳኛው ሞት ሲፈርድ ብዙ ጊዜ ቀጥሎ የሚታየው ገመድ ነው። ከህንድ ፊልም የለመድነው፣ ዳኛው ሞት ፈርዶ ብዕሩን መስበሩም የእነሱ ዳኞች ልማድ እንጂ የእኛ ችሎት ሥርዓት አይደለም።

ገመዱ ከየት እንደመጣ ይገባናል። የታኅሣሥ 1953ቱን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የመሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በመጋቢት 1953 በአደባባይ ተሰቅለዋል፤ ያ ምስል ከአባት ወደ ልጅ ተላልፏል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 117 ግን የሞት ቅጣት በሕዝብ ፊት፣ በስቅላት ወይም በሌላ ኢሰብዓዊ ዘዴ እንዳይፈጸም ይከለክላል። ሙከራ ላይ ለቀረ ወንጀል፣ ወይም ድርጊቱን ሲፈጽም 18 ዓመት ላልሞላው ሰው ሞት አይፈረድም። ማቅለያ ምክንያት ካለም እንዲሁ።

ፍርዱ ቢጸና እንኳ ርዕሰ ብሔሩ ሳያጸድቁት አይፈጸምም። የተፈረደበት ሰው በጠና ከታመመ፣ ወይም የተፈረደባት ሴት ነፍሰ ጡር ከሆነች አፈጻጸሙ ይታገዳል። በግንቦት 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሞት የፈረደባቸው የደርግ ባለሥልጣናት ሦስት ዓመት ጠብቀው በ2003 ቅጣታቸው ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። በይፋ የሚታወቀው የመጨረሻው የሞት ቅጣት የተፈጸመው በ1999 ነው። መጠበቁ ራሱ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር መደንገጡ፣ በስክሪን አይታይም።

ጉዳቱ ደግሞ ከስክሪን ውጭ ነው። እዚህ ሀዋሳም ሆነ በገጠሩ ሲዳማ፣ «ነገ ይሰቀላል» ብሎ ያመነ ቤተሰብ ለቅሶ ይቀመጣል፤ አለዚያም «አስቀርላችኋለሁ» ለሚል ደላላ ከብቱን ይሸጣል። የይግባኙ ቀን ግን እየነጎደ ነው። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት የይግባኝ ማስታወቂያ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ለፈረደው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር (መዝገብ ቤት) ይገባል። የይግባኝ ማመልከቻው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ እጅ ከገባ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ጊዜው ካለፈ ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ «ደላላ አታለለን» ማለት ዳኛን በቀላሉ አያሳምንም። ታራሚው ራሱ በማረሚያ ቤቱ በኩል ይግባኝ ማለት እንደሚችል የሚያውቅ ዘመድ ስንት ነው? ጠበቃ መቅጠር ላልቻለም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት የሚጠይቅበትን መንገድ ከፍቷል።

ደራስያንና ዳይሬክተሮችን የምንለምነው አንድ ነገር ነው፦ ገመዱን አውጡና የመዝገብ ቤቱን መስኮት አስገቡ። ግልባጭ የምትጠብቅ እናት፣ በእጇም 14ኛው ቀን ላይ የደረሰ የይግባኝ ማስታወቂያ ወረቀት። ስክሪፕቱን አንብበን ለማረም ፈቃደኞች ነን፤ ክፍያም አንጠይቅም።

የወንጀል ጉዳይ ጠበቆች
ሀዋሳ