ካሣን ብዙ አታናግረው

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንደምን ከረምህ? እናታችንስ እንደምን ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በመጥፋታችን ስንገናኝ እንወቃቀሳለን። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ሌላ ነው፤ የሐዲስ ዓለማየሁን ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወደ ዛሬ ዘመን አምጥተህ ፊልም ልትሠራው ማሰብህን ከእህትህ ሰምቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ እዚህ ጎጃም እንደ ዘመድ ታሪክ ነው የሚወራው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለተረከው ያላነበበው ሰው እንኳ በዛብህን በድምፅ ያውቀዋል። ተመልካችህ ቃሉን በጆሮው ይዞ ከመጣ ያንኑ መልሰህ ብታሰማው ምን ጨመርህለት? እኔን የሚያሰጋኝ ወግና ልማዱን በረጅም ንግግር የሚነቅፈው ጉዱ ካሣ ነው። ጎበዝ ተዋናይ ፈልገህ ያን ሁሉ ገጽ በቃሉ ታስወርደዋለህ፣ ሰዉም ያጨበጭባል፣ ፊልሙ ግን እዚያው ይቆማል። አንድ ድግስ አሳየኝ፦ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያስታጥብ፣ ማን ደጅ ቆሞ ፍርፋሪ እንደሚጠብቅ። ካሣ ከዚያ በኋላ ሁለት ቃል ቢናገር ይበቃዋል።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን «ማክቤዝ» ታውቀዋለህ፤ ጉልበቱ ቃሉ ነው። ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ ግን እ.ኤ.አ. በ1957 ያንኑ ተውኔት ፊልም ሲያደርገው የሼክስፒርን ግጥም ትቶ ታሪኩን ወደ አገሩ የጦር አለቆች ወሰደው፤ ጭጋጉና ዝምታው የግጥሙን ሥራ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ የንጉሥ ሊርን ሴቶች ልጆች ወንዶች አደረጋቸው። ድፍረት ነው! የአባትየውን ሞኝነት ግን አልነካም።

ያንተ ጭንቅ ወዲህ ነው። እንደ ሰብለ አባት ያለ ፊታውራሪም ጭሰኛም ዛሬ የለም። ሁለቱ ፍቅረኞች በዛብህና ሰብለ አውቶቡስ ተሳፍረው ዓባይን ይሻገራሉ፣ አለቀ። ታዲያ ምን ይያዛቸው? አጥንት ቆጠራው፣ «የማን ልጅ ነው?» የሚለው የሽማግሌ ጥያቄ አልሞተም፤ ብቻውን ግን ፊልም አይሸከምም። እኔ ብሆን ስለቱን እይዝ ነበር። የበዛብህ ወላጆች ውድነሽና ቦጋለ ልጃቸው እንዲተርፍላቸው ለቤተ ክርስቲያን ተስለውታል። ይህን የአባትና የእናት ቃል አዋጅ አይሽረውም፣ አውቶቡስም አያመልጠውም። ሰብለን ሲወድ የሚታገለው ከአባቷ ይልቅ ከእናቱ ጋር ይሆናል፤ እናቱ ደግሞ ክፉ ሰው አይደለችም። መነሻውንም ሩቅ አትፈልግ፤ የቆሎ ተማሪው ዛሬም አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልረሳው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ በሕጋችን የደራሲ መብት ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ አንዲት መስመር ከመጻፍህ በፊት መብቱን ከያዙት ሰዎች ፈቃድ ጠይቅ፣ በጽሑፍም ተቀበል። ከዚያ ሰብለን ማን እንደሚሠራት ጻፍልኝ።

ወንድምህ፣
ከቢቸና