የመኪና ፖሊሽ ማሽን ሲገዛ ጉልበቱ ብቻ አይታይ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በባሕር ዳር የሚገኙ ላቫጆዎች ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከማጠብ አልፈው ቀለም የማደስ ሥራ ውስጥ እየገቡ መሆናቸውን ከፔዳ እስከ ዓባይ ማዶ በመኪና የሚመላለስ ሰው ሁሉ ያያል። በመኪና ቀለም ሥራ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንደቆየ ሰው ነገሩን በበጎ ነው የምመለከተው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያለው ቪትዝም ሆነ ኮሮላ በቀላሉ የሚተካ ንብረት ስላልሆነ ቀለሙን ጠብቆ ማቆየት እንደ ቅንጦት ሊቆጠር አይገባውም። ይሁን እንጂ ተደራጅተውና ተበድረው ወደዚህ ሥራ የሚገቡት ወጣቶች ማሽን ሊገዙ ሲወጡ ከሻጭም ከጓደኛም የሚሰሙት ምክር አንድ ብቻ ነው፦ «ጉልበት ያለውን ውሰድ።» ምክሩ ስህተት ነው ብዬ ስለማምን ምክንያቴን በጋዜጣችሁ ላይ እንድታወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ስለ ማሽኑ ከመናገር በፊት ማሽኑ የሚነካውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ከፋብሪካ እንደወጣ ባለ መኪና ላይ ከላሜራው በላይ ያለው የቀለም ጠቅላላ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ይደርሳል፤ አንድ ሚሊ ሜትር 1,000 ማይክሮን ነው። ከዚህ ውስጥ ውበቱን የሚሰጠውና የፀሐይን ጨረር የሚመክተው የላይኛው ቀለም አልባ ሽፋን፣ ማለትም ክሊሩ፣ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ብቻ ነው። ብዙ ደንበኛ ፖሊሽ ጭረቱን የሚሞላ ይመስለዋል። ትክክለኛው ፖሊሽ ግን በጭረቱ ግራና ቀኝ ያለውን ክሊር እየፋቀ ከጭረቱ ወለል ጋር ማስተካከል ነው፤ በመሆኑም በተሠራ ቁጥር ከዚያች ስስ ሽፋን ላይ ጥቂት ማይክሮን ይነሣል፣ የተነሣው ደግሞ መኪናው እንደገና ካልተቀባ በቀር አይመለስም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የፀሐዩ ጨረር ከዝቅተኛ ቦታዎች ይልቅ ይበረታል፤ ክሊሩ የሳሳ ኮፋኖና ጣሪያ እየነጣ መላጥ የሚጀምረውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሐይቁ ዳር ካሉት ዛፎች ሥር መኪና የማቆም ልማድ ያለው ሰው ደግሞ የወፍ ኩስ ሳይጠረግ ከዋለ ክሊሩን ምን ያህል እንደሚበላው ይመሰክራል። እንግዲህ ጥያቄው ብዙ የሚፍቀው ማሽን የትኛው ነው የሚል ሳይሆን፣ የሚፈለገውን ያህል ብቻ ፍቆ የሚቆመው የትኛው ነው የሚል መሆን አለበት።

ቀደም ብሎ የገባውና አሁንም በብዛት የሚገዛው ሮታሪ የሚባለው ነው። ፓዱ፣ ማለትም ቀለሙን የሚያሸው ስፖንጅ ወይም የበግ ፀጉር፣ በአንድ እምብርት ዙሪያ ብቻ ይሽከረከራል፤ ፍጥነቱም በደቂቃ ከ600 እስከ 3,000 ዙር ገደማ ይደርሳል። ኃይሉ በሙሉ በአንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ ቶሎ ይቆርጣል፤ ቶሎ ያሞቃልም። ማሽኑ በአንድ ቦታ ላይ ጥቂት ከዘገየ፣ ወይም ቀለሙ ከሌላው ቦታ ይልቅ ሳሳ ወደሚልበት የኮፋኖ ጠርዝና የፓራፋንጎ መታጠፊያ ከደረሰ፣ ክሊሩን አልፎ ከሥሩ ያለውን ቀለም ለማግኘት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ባምፐር ከፕላስቲክ የተሠራ በመሆኑ እንደ ላሜራ ሙቀቱን ስለማያሰራጭ ይበልጥ ይጎዳል። ባይቃጠል እንኳ፣ ልምድ በሌለው እጅ በሮታሪ የተሠራ መኪና ጥላ ሥር ያማረ መስሎ ይወጣና ፀሐይ ሲያርፍበት ሆሎግራም የሚባለውን፣ ዓይን በተንቀሳቀሰ ቁጥር አብሮ የሚንቀሳቀስ ብዥታ ያሳያል። ባለቤቱ ይህን የሚያየው ከፍሎ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

ከሮታሪ የከፋው ብረት መቁረጫ ግራይንደር ላይ የፖሊሽ ፓድ ማሰር ነው። የሁለቱ ማሽኖች ማሰሪያ ጥርስ ብዙውን ጊዜ ኤም 14 የሚባለው ስለሆነ ፓዱ ልክ ይገባል፤ ስለገባም ይሠራል ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ገደማ የሚሽከረከር ሲሆን፣ ለፖሊሽ የተሠራው ስፖንጅ ወይም የበግ ፀጉር ይህን ፍጥነት እንዲችል ተደርጎ አልተሠራም። ቀለሙ መቃጠሉ ብቻ ሳይሆን፣ ፓዱ ተቦጫጭቆ ሠራተኛውን ሊመታው ይችላል። ርካሽ ነው ተብሎ ይህን የሚገዛ ወጣት፣ አንድ ኮፋኖ እንደገና ለማስቀባት የሚያወጣውን ወጪ አብሮ ያስላ።

እኔ ለጀማሪ የምመክረው ዱዋል አክሽን የሚባለውን ነው። በዚህ ማሽን ላይ ፓዱ በራሱ ከመዞሩ በተጨማሪ እምብርቱ ራሱ ትንሽ ክብ እየሠራ ይወዛወዛል፤ የውዝዋዜው ብዛት እንደ ሥሪቱ በደቂቃ ከ2,000 እስከ 5,000 ገደማ ነው። በመሆኑም አንዱ የፓዱ ክፍል ያለፈበትን መስመር ሌላው ደግሞ አይከተለውም፤ ሙቀቱም በአንድ ቦታ አይከማችም። ዋናው ባሕርዩ ግን ዙሩ በነፃ የሚካሄድ መሆኑ ነው፤ ሠራተኛው ከመጠን በላይ ከተጫነው ወይም ፓዱ ጠርዝ ላይ ከተያዘ መዞሩን ያቆምና ውዝዋዜው ብቻ ይቀጥላል። አንዳንድ ነባር ባለሙያዎች ይህን እንደ ድክመት ቆጥረው «ሲጫኑት የሚቆም ማሽን ምን ማሽን ነው» ይላሉ። ለጀማሪ ግን የደንበኛውን ቀለም የሚያድንለት ይኸው መቆሙ ነው። ፓዱ እየዞረ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ፓዱ በሚለጠፍበት መያዣ ሳህን ጀርባ ላይ በማርከር አንድ መስመር ማስመር ይበቃል፤ መስመሩ ቆሞ ከታየ እጅን ማቅለል ወይም ማሽኑን አስተካክሎ መያዝ ነው። በሮታሪና በዚህ ማሽን መካከል፣ በጥርስ እየተገፋ የሚዞር፣ ሲጫኑት የማይቆም ሌላ የዱዋል አክሽን ዓይነት አለ፤ የጀርመኑ ፍሌክስ በዚህ ይታወቃል። በደንብ ይቆርጣል፣ ነገር ግን እጅን ያንቀጠቅጣል፤ ለሁለተኛ ማሽንነት ይቆይ ባይ ነኝ።

ዱዋል አክሽን ለመግዛት የወሰነ ሰው ከዋቱ በፊት የሚጠይቀው ነገር የውዝዋዜው ስፋት፣ ማለትም እምብርቱ የሚሠራው ክብ ከዳር እስከ ዳር፣ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ነው። በገበያ ላይ የተለመዱት 8፣ 12፣ 15 እና 21 ሚሊ ሜትር ናቸው። የጣሊያኑ ሩፐስ ቢግፉት በሚባሉት ማሽኖቹ 15ና 21 ሚሊ ሜትሩን ካስለመደ ወዲህ ሌሎች አምራቾችም ይህንኑ ተከትለዋል። ስፋቱ ሲጨምር ማሽኑ በአንድ ማለፊያ ብዙ ቦታ ይሸፍናል፤ ነገር ግን ጎባጣና ጠባብ ቦታ ላይ ዙሩ ቶሎ ይቆማል። ለላንድክሩዘር ኮፋኖ ወይም ለሚኒባስ ጎን 21 ሚሊ ሜትሩ ከ150 ሚሊ ሜትር ሳህን ጋር ሥራውን ያፋጥናል። ይሁን እንጂ ወደ ባሕር ዳር ላቫጆ በብዛት የሚመጣው እንደ ቪትዝና ያሪስ ያለ፣ መታጠፊያው የበዛ ትንሽ አውቶሞቢል በመሆኑ፣ አንድ ማሽን ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው 15 ሚሊ ሜትሩን ከ125 ሚሊ ሜትር ሳህን ጋር እመርጥለታለሁ። ስምንቱን አልንቅም፤ በቂ ጊዜ ላለውና የራሱን መኪና ለሚያድስ ሰው ይሆናል።

ሮታሪ ጨርሶ ይቅር ማለቴ አይደለም። አዲስ የተቀባ መኪና ክሊሩ ደርቆ በውሃና በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ከተፈገፈገ በኋላ፣ ወይም ክሊር የሌለው የቀድሞ ዘመን ቀለም አቧራ መስሎ ሲነጣ፣ ሮታሪን የሚያህል የለም። ይህ ግን የቀለም ቤት ሥራ ነው፤ ስንት እጅ እንደቀባ የሚያውቀው ቀቢው ራሱ ነውና። ላቫጆ የሚመጣው መኪና ታሪኩ አይታወቅም። ብዙዎቹ ተጋጭተው የተቀቡ፣ ከቀለሙም ሥር ስቱኮ ያለባቸው ናቸው። የቀለም ውፍረት መለኪያ ማሽን ቁጥሩ ብዙ መቶ ማይክሮን ሲያሳይ ቀለሙ ወፍራም ስለሆነ ደኅና ነው ብሎ መደምደም አይገባም፤ የሚነበበው ጠቅላላ ድምር እንጂ የክሊሩ ውፍረት አይደለም፤ ከብዙ ስቱኮ በላይ እጅግ ስስ ክሊር ሊኖር ይችላል። እንዲህ ባለ መኪና ላይ ቀስ ብሎ የሚሠራ ማሽን መያዝ የሥራ ፍርሃት ተደርጎ ሊታይ አይገባውም።

ስለ ኤሌክትሪክ ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ምክሬ ጎደሎ ይሆናል። ወንድም ወይም እህት ከአሜሪካ የላከችው ማሽን በ120 ቮልት የሚሠራ ነው፤ የእኛ መስመር 220 ቮልት ነው። ሶኬቱን ብቻ ለውጦ የሰካው ሰው ሞተሩን በሰከንዶች ውስጥ ያቃጥላል። መቀነሻ ትራንስፎርመር መግዛት ይቻላል፤ ነገር ግን የትራንስፎርመሩ አቅም ከማሽኑ ዋት በጉልህ የሚበልጥ መሆን ስላለበት ክብደቱም ዋጋውም ቀላል አይሆንም። ስለሆነም በ220 ቮልት የሚሠራውን ከአገር ውስጥ ገበያ መግዛት ይሻላል፤ ዘመድም ሊልክ ካሰበ ለአውሮፓ ገበያ የተሠራውን እንዲፈልግ ይነገረው። ኃይሉ ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ፍጥነቱን በኤሌክትሮኒክስ የሚጠብቅ ማሽን ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል፤ ተራው ግን ከጎኑ ያለው የውሃ ፓምፕ በተነሣ ቁጥር ይደክማል። ቀጭን ገመድ ረጅም ርቀት መዘርጋትም ያንኑ ድካም ያመጣል። መብራት ስለሚጠፋ በባትሪ የሚሠራ እንግዛ የሚሉ አሉ፤ አንድ ባትሪ ግን ከባድ ጭረት ያለበትን ሙሉ መኪና አይጨርስም፣ ተጨማሪ ባትሪና ቻርጀር ሲታከልበት ዋጋው አነስተኛ ጄኔሬተር ወደ መግዛት ይጠጋል። ከሁሉም በላይ ግን የሞተሩ ካርቦን እዚሁ ከተማ ይገኝ እንደሆነ ሳያረጋግጡ ገንዘብ መክፈል አይገባም፤ ካርቦን የሚያልቅ ዕቃ ነውና።

ስለ ፓድና በላዩ ተደርጎ ክሊሩን ስለሚፍቀው ቅባት፣ ማለትም ስለ ኮምፓውንድ፣ ብዙ አልልም። የበግ ፀጉሩ ይቆርጣል፣ ለስላሳው ስፖንጅ ያሳምራል፤ ከለስላሳው ጀምሮ በትንሽ ቦታ ሞክሮ ካልበቃ ብቻ ወደ ጠንካራው መሄድ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ሜዳ ላይ የሚሠራ ሰው ኮምፓውንዱ ከመፋቁ በፊት ይደርቅበታልና ከማሽኑ እኩል ጥላ ያስፈልገዋል። ፓድም በባልዲ ይታጠብ እንጂ ጣና ዳር ተወስዶ አይታጠብ፤ ሐይቁ እምቦጩ ይበቃዋል።

አንድ ነገር ግን ለመኪና ባለቤቶች መናገር እፈልጋለሁ። የጥር ሰርግ ሲደርስ ለሙሽራ አጀብ የሚሰለፈው መኪና ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ፖሊሽ ይደረግልኝ ይላል፤ በዚህ ጥድፊያ ጭረቱ ሳይነሣ ቅባትነት ባለው ማሳመሪያ ብቻ ተሸፍኖ የሚወጣው ብዙ ነው፤ ሰርጉ ካለፈ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ጭረቱ እንደነበረ ይመለሳል። ከፋርማሲ የተገዛ አልኮል በውሃ አቅጥኖ አንዱን ጥግ ማስጠረግና በብርሃን ማየት የባለቤቱ መብት ነው፤ የሚያኮርፍ ባለሙያ ካለ ለምን እንዳኮረፈ ይታወቃል። ከዚህም ጋር ቁልፉን ከማስረከቡ በፊት በምን ዓይነት ማሽን እንደሚሠራለት ይጠይቅ፤ የመኪናው ጠርዞች በወረቀት ፕላስተር እንዲሸፈኑም ያሳስብ።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ለዕቃ አስመጪዎችና ለመሣሪያ መደብሮች ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋት ብቻ ነው፤ ገዢው ደግሞ የሚያነበው ያንኑ ነው። ማሽኑ ሮታሪ ይሁን ዱዋል አክሽን፣ የውዝዋዜው ስፋት፣ ቮልቱና የሳህኑ መጠን በአማርኛ ተጽፎ ከዋጋው ጎን ቢለጠፍ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም። ገዢው ማሽኑን እዚያው መደብሩ ውስጥ ሰክቶ፣ ፓድ አስሮ፣ በአሮጌ ኮፋኖ ቁራጭ ላይ ለጥቂት ደቂቃ እንዲሞክረው ቢፈቀድለት ደግሞ ከእኔ ደብዳቤ የበለጠ ያስተምረዋል።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የመኪና ቀለም ባለሙያ
ዓባይ ማዶ፣ ባሕር ዳር