የኦዲት ግኝት በመመሪያ ብቻ አይዘጋም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ተዘግቶ የውጭ ኦዲተሮች ሥራቸውን ሲያጠናቅቁ፣ በባሕር ዳርም ሆነ በሌሎች ከተሞች የሚገኙ አክሲዮን ማህበራት ባለአክሲዮኖቻቸውን ለጠቅላላ ጉባኤ ይጠራሉ። በጉባኤዎቹ ላይ ስለ ትርፍ ክፍፍልና ስለ ካፒታል ማሳደግ ረጅም ክርክር ይደረጋል፤ ትርፉን የሚነግረን ሪፖርት የተዘጋጀበት የውስጥ ቁጥጥር፣ ማለትም ስህተትንና ስርቆትን ለመከላከልና ለማግኘት የተዘረጋው አሠራር፣ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ ግን የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። እኔ በዚህች ከተማ በሂሳብ ሥራና በውስጥ ኦዲት ለረጅም ጊዜ ያገለገልሁ፣ አነስተኛ አክሲዮንም ያለኝ ነዋሪ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሳሁት ኦዲተሮች ያመለከቷቸው የቁጥጥር ክፍተቶች «ተስተካክለዋል» እየተባሉ የሚታለፉበት መንገድ በእጅጉ ስለሚያሳስበኝ ነው።

በቅድሚያ በብዙዎቻችን ዘንድ ስላለ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ ልናገር። የኦዲተሩ አስተያየት ነቀፌታ የሌለበት ከሆነ የድርጅቱ የውስጥ ቁጥጥርም ጤናማ ነው ብለን እናምናለን። ኦዲተሩ አስተያየት የሚሰጠው ግን የሂሳብ መግለጫው ከጉልህ ስህተት ነጻ ስለ መሆኑ እንጂ ስለ ቁጥጥሩ ውጤታማነት አይደለም። ቁጥጥሩን ደካማ ሆኖ ባገኘበት ቦታ የሚመረምረውን ሰነድ አብዝቶ፣ ማስተካከያ ምዝገባዎች እንዲሠሩ አስደርጎ ወደ ትክክለኛው ቁጥር ሊደርስ ይችላል። በዚህ ጊዜ ቁጥሩ ይቃናል፤ ቁጥሩን ያበላሸው አሠራር ግን ማንም ሳይነካው ወደ ሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። ዓለም አቀፉ የኦዲት ደረጃ ቁጥር 265 ኦዲተሩ ያገኛቸውን ጉልህ የቁጥጥር ድክመቶች ድርጅቱን በበላይነት ለሚመሩት አካላት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። እኛ የማኔጅመንት ደብዳቤ የምንለው ይህ ነው። ከቦርዱ አልፎ በጉባኤ ላይ ሲነበብ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በከተማችን የግንባታ ዕቃ በሚነግድ አንድ ማህበር የሰኔ ወር የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያን፣ ማለትም የማህበሩ መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር የሚመሳከርበትን ሰነድ፣ የማየት ዕድል ገጥሞኝ ነበር። «በመንገድ ላይ ያለ ገቢ» በሚለው፣ ተሰብስቦ ገና ባንክ ያልደረሰ ገንዘብ በሚጻፍበት ረድፍ ሥር በታኅሣሥ የተሰበሰበ የሽያጭ ገንዘብ ተመዝግቧል። ሱቁ ከባንኩ ቅርንጫፍ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ብቻ የሚርቅ ሆኖ ሳለ፣ ገንዘቡ በወረቀቱ መሠረት ግማሽ ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ነበር። ማስታረቂያውን የሠራችው ገንዘብ ያዧ ራሷ ናት፤ ደረሰኝ የምትቆርጠውም፣ ሽያጩን ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ የምትመዘግበውም እርሷው። «ያረጋገጠው» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ጉዳዩ ሲጣራ አንዳንድ ደንበኞች የከፈሉት በሽያጭ ሠራተኛው የግል ቴሌብር ሆኖ ተገኘ። ለምዝገባው ማስረጃ የሆነውም ከስልክ ላይ የተነሳ እስክሪንሾት ነው። እዚህ ላይ ሰዎቹን ሌቦች ማለቴ አይደለም፤ ገንዘቡ ኋላ ላይ በሙሉ ተመልሷል። ስህተትም ሆነ ስርቆት ቢኖር ኖሮ ግን የሚያሳውቅ አንድም መንገድ አልነበረም።

ማህበሩ ለዚህ ግኝት የሰጠው ምላሽ አማካሪ ቀጥሮ ወፍራም የፋይናንስ መመሪያ ማስጻፍ ነበር። መመሪያው የባንክ ሂሳብ በየወሩ መታረቅ እንዳለበት ይደነግጋል። በግኝቶች መከታተያ ቅጹ ላይም «ተስተካክሏል» ተብሎ ተሞላ። በሚቀጥለው ዓመት ኦዲተሮቹ ያንኑ ግኝት ቃሉን እንኳ ሳይለውጡ ደግመው ጻፉት። ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ችግሩ የመመሪያ እጥረት አልነበረም፤ ከሥራ የለቀቀው የሂሳብ ሠራተኛ ስላልተተካ ሦስት ሥራ በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ወድቆ ነበር። ስለዚህ ማንኛውም ማስተካከያ ሊጀምር የሚገባው ክፍተቱ ለምን ተፈጠረ ብሎ እስከ ሥሩ በመጠየቅ ነው።

«ሠራተኛ ለመጨመር አቅም የለንም» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ እውነትነት አለው፤ በተለይ በባሕር ዳር ላሉ መካከለኛ ድርጅቶች ገበያው በተቀዛቀዘባቸው ዓመታት የደመወዝ ወጪ ቀላል ሸክም አይደለም። ነገር ግን የሥራ ክፍፍሉን፣ ማለትም ገንዘብ መያዝን፣ መመዝገብንና ማረጋገጥን ለተለያዩ ሰዎች መስጠትን፣ በሙሉ ማሟላት ያልቻለ ድርጅት ክፍተቱን የሚያካክስ ቁጥጥር መዘርጋት ይችላል። ለምሳሌ የባንክ መግለጫው በገንዘብ ያዧ በኩል ሳይሆን ከባንኩ በቀጥታ ለሥራ አስኪያጁ ወይም ለአንድ የቦርድ አባል ቢደርስና እርሱም ከ30 ቀን በላይ የቆየውን እያንዳንዱን ልዩነት ምክንያቱን ጠይቆ፣ ቀን ጽፎ ቢፈርም፣ በወር አንድ ሰዓት እንኳ የማይፈጅ ሥራ ትልቅ ቀዳዳ ይደፍናል። የቴሌብርና የሞባይል ባንኪንግ ክፍያም በማህበሩ ስም በተከፈተ ሂሳብ ብቻ እንዲገባ ማድረግ፣ ዕቃም ገንዘቡ መግባቱ በማህበሩ ሂሳብ ላይ ከመታየቱ በፊት ከመጋዘን እንዳይወጣ መከልከል ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ግን ጊዜ ነው። አዲስ ቁጥጥር በወረቀት ስለ ሰፈረ ሠርቷል ማለት አይቻልም፤ ለተወሰኑ ወራት በተከታታይ ሲተገበር ታይቶ፣ ሥራውን ከሚሠራው ሰው ውጭ በሆነ አካል መፈተሽ አለበት። በየወሩ የሚሠራ ቁጥጥር ቢያንስ በጥቂት ወራት ውጤቱ ይታያል። የዓመቱ መጨረሻ የንብረት ቆጠራ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈተን ስለ ሆነ፣ በመጋቢት የተሻሻለ የቆጠራ አሠራር ሰኔ 30 ሳይደርስ ተስተካክሏል ሊባል አይችልም። በአሜሪካ ሂሳባቸውን አጭበርብረው የተገኙትን የኤንሮንና የወርልድኮም ኩባንያዎች ውድቀት ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የሳርቤንስ ኦክስሌይ ሕግ በአንቀጽ 404 የአክሲዮን ገበያ ላይ ያሉ ኩባንያዎች አመራር የሂሳብ ሪፖርት ቁጥጥራቸውን በየዓመቱ ገምግመው ውጤቱን ለሕዝብ እንዲያሳውቁ ያዛል። ጉልህ ድክመት ያለበት ኩባንያ ቁጥጥሬ ውጤታማ ነው ማለት አይችልም። ድክመቱን ከነማስተካከያ ዕቅዱ ይገልጻል፤ አዲሱ ቁጥጥር በቂ ጊዜ ሠርቶ እስኪፈተሽ ድረስም ተዘግቷል አይልም። አንዳንዶቹ ይህን ለማጠናቀቅ ከአንድ ዓመት በላይ ይወስድባቸዋል፤ እንደ ውርደትም አይቆጥሩትም።

በአገራችንም ሕጉ ወደዚያ አቅጣጫ መሄድ ከጀመረ ቆይቷል። የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ድርጅቶች ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎችን እንዲከተሉ ደንግጓል። ይሁን እንጂ የዓመቱን ሂሳብ በቀድሞው መንገድ ይዘው ቆይተው፣ መጨረሻ ላይ አማካሪ ቀጥረው ወደ አዲሱ ደረጃ የሚያስቀይሩ ድርጅቶች ጥቂት አይደሉም። የቅየራው ስሌት በአማካሪው ላፕቶፕ ላይ በኤክሴል ተቀምጦ ይቀራል። በድርጅቱ ውስጥ የአጠራጣሪ ተሰብሳቢ ሂሳብ መጠባበቂያው (ደንበኞች ላይከፍሉት ለሚችሉት ዕዳ የሚያዘው) በምን መነሻ እንደ ተሰላ የሚያስረዳ ሰው ይጠፋል። ይህም ራሱን የቻለ ከባድ የቁጥጥር ድክመት ሆኖ ሳለ፣ የአማካሪውን ውል በማደስ ብቻ ይታለፋል።

ስለ አመራሩም አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ሥራ አስኪያጁ የወሰደውን ቅድመ ክፍያ ሳያወራርድ ሌላ የሚወስድ ከሆነ፣ ሂሳብ ሠራተኛው ከሾፌሩ የነዳጅ ደረሰኝ የመጠየቅ ድፍረት ከየት ያመጣል? በብዙ አገሮች ለውስጥ ቁጥጥር መለኪያ የሆነው የኮሶ ማዕቀፍ ከአምስቱ ክፍሎቹ የመጀመሪያው የቁጥጥር ከባቢ የሚለው፣ ማለትም የአመራሩ ሥነ ምግባርና አርአያነት መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጥቶ፣ አክሲዮንና መሰል ሰነዶች የሚገበያዩበት የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ተመርቆ ባለበት በዚህ ጊዜ፣ አክሲዮናቸውን ለሕዝብ ለመሸጥ የሚያስቡ የክልላችን ማህበራት ይህን የቤት ሥራ ከወዲሁ ሊጀምሩት ይገባል። በዘንድሮው ጉባኤ ቦርዶች ከዓመታዊ ሪፖርታቸው ጋር አንድ ገጽ ሰንጠረዥ እንዲያያይዙ እጠይቃለሁ። በሰንጠረዡ ላይ እያንዳንዱ የኦዲት ግኝት ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈበት ዓመት፣ ምክንያቱ፣ ማስተካከያውን የሚሠራው ኃላፊ፣ አዲሱ አሠራር ሥራ ላይ የዋለበት ቀን፣ እንዲሁም ማን መቼ ፈትሾ እንዳረጋገጠው ይጻፍ። ያልተፈተሸው «በሂደት ላይ» ተብሎ ይቅረብ፤ እውነቱን የነገረንን ቦርድ አንነቅፍም። ባለአክሲዮን ለሆንሁበት ማህበር ቦርድ ይህንኑ ጥያቄ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። ሌሎች ባለአክሲዮኖችም የጉባኤው አጀንዳ ሳይዘጋ እንዲሁ እንዲያደርጉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፤
አንድ ባለአክሲዮን፣ ከባሕር ዳር