ይድረስ ለልጄ፦ ስለ ድሮዎቹ የአየር መንገድ ፖስተሮች

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ስለ መንዝ ጓሳ የሣር ምድር የጀመርሽውን ፖስተር አየሁት። ቀለሙ ደስ ይላል፤ ነገር ግን አርአያ ያደረግሻቸው የድሮ የአየር መንገድ ፖስተሮች ለማን እንደተሣሉ ሳትመረምሪ ምልክታቸውን የወሰድሽ መሰለኝ።

በፈረንጆቹ 1930ዎቹ መብረር ለብዙው ሰው እንግዳ ነገር ስለነበር በፖስተሩ ላይ የሚገነው አውሮፕላኑና ፍጥነቱ ነበር፤ ቴየር ሊ ኤሊየት በ1932 ኢምፔሪያል ኤርዌይስ ለተባለው የእንግሊዝ አየር መንገድ የሣላት ስፒድበርድ የተባለች ወፍ ጥቂት ሹል መስመሮች ብቻ ናት፤ የየትኛውንም አገር መልክ አታሳይም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን መዳረሻው ጎልቶ አውሮፕላኑ ወደ ጥግ ሸሸ። ዴቪድ ክላይን ቲደብሊውኤ ለተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ የሣለው የኒውዮርክ ታይምስ አደባባይ ከዳር እስከ ዳር የተሰባበረ ብርሃን ነው። የዚያው ከተማ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስብስቡ ውስጥ ያካተተው ያለ ምክንያት አይደለም። አፍሪካ ስትሣል ግን ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የዱር አውሬ ወይም ጭንብል ነበር፤ የእነርሱ ከተማ በሥራው ሲታወቅ የእኛ ምድር ባለቤት የሌለው ይመስል ነበር።

የእኛም ሰዎች ቢሆኑ የሚያዩት ወደ ውጭ ነበር። የአገራችንን ቱሪዝም የመሠረቱት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ጳጉሜን ቆጥረው አገራችንን የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር ብለው ማስተዋወቃቸው ብርድ ለሰለቸው ፈረንጅ የታለመ ብልህ ሐሳብ ነው፤ በሐምሌ ጭጋግ በርኖስ ደርቦ የሚውለው የመንዝ ገበሬ ግን ቢሰማው መሳቁ አይቀርም።

አንቺም ጭላዳ ዝንጀሮውን በገደል አፋፍ ላይ ብቻውን አቁመሽዋል። ጓሳ ግን ወና ምድር አይደለም፤ ቄሮ በሚባለው የአባቶች ሥርዓት ሣሩ ለዓመታት ተከልሎ፣ ሲደርስ በስምምነት እየታጨደ የቤት ክዳንና ገመድ ሲሆን የኖረ ነው። ስለዚህ ሣሩን ዋናው ምልክት አድርጊው፤ ከወረቀቱ ሁለት ሦስተኛውን ይሙላ፣ አጫጆቹም በውስጡ ይታዩ። ጭላዳው በድሮዎቹ ፖስተሮች አውሮፕላኑ በሚቀመጥበት ጥግ አንሶ ይሣል።

የፊደሉንም ቦታ ከአሁኑ ተዪለት፤ ጎበዞቹ ሠዓሊዎች ጽሑፉን የሥዕሉ አካል አድርገው ይሥሉት ነበር እንጂ መጨረሻ ላይ አይለጥፉትም።

አባትሽ
ደብረ ብርሃን