ሙሽራዋን ማን ጠየቃት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሙሽሮች ቬሎ ሲመርጡና ሲዋቡ የሚያሳዩትን የውጭ አገር ፕሮግራሞች «የሥራ ፈት ሴቶች ጊዜ ማሳለፊያ» የሚለውን ጽሑፋችሁን ያነበብኩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው የቬሎ ኪራይ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ከልቤ አዘንኩ። እኔ ጋ መጥተው እነዚህን ፕሮግራሞች የሚያዩት ከማለዳ ጀምሮ እዚሁ ታይዋን በሚባለው ገበያችን ሲሸጡ ያረፈዱ፣ ቢሮ የሚሠሩ፣ ልጅ አዝለው የሚመጡ ሴቶች ናቸው። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ድሬ በሯን ገርበብ ታደርጋለች፤ ያኔ ነው ቴሌቪዥኑን ከበን የምንቀመጠው።

ከሁሉም የምንወደው «ሴይ የስ ቱ ዘ ድሬስ» የሚባለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረ ነው፤ የሚቀረጸውም ኒውዮርክ፣ ማንሃተን ውስጥ ክላይንፌልድ በተባለ የሙሽራ ልብስ መደብር ነው። ሙያዬ ስለሆነ ሌላው የማያየውን አያለሁ። ሙሽራዋ የምትለካው ናሙናውን ነው፤ የራሷ ታዞ የሚደርሰው ከወራት በኋላ ነው። ናሙናው ከሰፋት ከጀርባዋ በመቆንጠጫ ሰብስበው ይይዙላታል። እኔም ጥር ላይ ሙሽራ በሙሽራ ሲደራረብብኝ ያንኑ በመርፌ ቁልፍ አደርገዋለሁ። ደንበኞቼ ግን መቆንጠጫውን ልብ አይሉም፣ ዋጋውንም ብዙ አያነሱም። ሱቁ ጭጭ የሚለው እናት፣ እህትና ጓደኛ የመሰላቸውን ተናግረው ሲጨርሱ፣ ሻጯ ወደ ሙሽራዋ ዞራ «አንቺስ? ቬሎሽ ይኼ ነው?» ስትላት ነው።

በእኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ የሚደርሳት ሙሽራ ብዙ አይደለችም። ሽማግሌ የሚቀበሉት ሌሎች፣ ቀን የሚቆርጡት ሌሎች፣ ማን ይጠራ ማን ይቅር የሚሉትም ሌሎች ናቸው። ባለፈው ጥር አንዲት ልጅ ከአክስቷና ከእጮኛዋ ሁለት እህቶች ጋር መጣች። አክስትየው እጅጌ ይኑረው አለች፤ እህቶቹ ዶቃ የበዛበት፣ ከታች የተነፋ ይሁን አሉ። ልጅቷን ስጠይቃት «አቦ ተይኝ፣ እነሱ ያዩልኛል» ብላ አቀረቀረች። ቀብድ ከፍለው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን፣ በቀትር፣ ብቻዋን ተመልሳ መጣች። ምንም አላለችም፤ ከሴቶቹ መሐል ገብታ ቴሌቪዥኑን ማየት ጀመረች። የዚያች የሩቅ አገር ሙሽራ እናት ስታለቅስ እሷም አለቀሰች። «እሷስ ተጠየቀች» አለችኝ።

በሩን ዘግቼ ያሉኝን ቬሎዎች ሁሉ አወጣሁላት። ዶቃ የሌለውን፣ ቀጥ ብሎ የሚወርደውን መረጠች። መስታወቱ ፊት ትከሻዋ ሲቃና አየሁ። አክስቷ ጋ የደወልኩት እኔ ነኝ፤ ተቆጣች፣ ቆይታ ግን ተወችው።

ሁሉንም ፕሮግራም አልደግፍም። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ «ብራይዳልፕላስቲ» የሚባል ተሠርቶ ነበር፤ 12 እጮኛሞች ሰውነታቸውን በቀዶ ሕክምና ለማስለወጥ ይወዳደሩበት የነበረ። አሸናፊዋን እጮኛዋ ተለውጣ የሚያያት በሰርጓ ቀን፣ ዓይነ ርግቡ ሲገለጥ ነው። እሱ እኔንም ያስቆጣኛል። አንዲት ሴት ለሰርጓ ትድረስ ተብሎ አፍንጫዋ መቆረጥ የለበትም። የዚህ ዓይነቱ ነገር ጥላ እኔም ሱቅ ድረስ ይመጣል፤ ሜካፕ ስሠራላቸው «ፊቴን አቅይልኝ» የሚሉኝ ጠይም ልጆች አሉ። ከመልካቸው የቀላ ፋውንዴሽን ቀቢ ስባል እምቢ እላለሁ። በዚህ ሙቀት፣ ለፎቶ ምድር ባቡር ጣቢያው ሲደርሱ አንገታቸውና ፊታቸው የሁለት ሰው ይመስላል፤ ያ ፎቶ ደግሞ ዕድሜ ልክ ግድግዳ ላይ የሚኖር ነው። ጸሐፊያችሁ ይህን ነቅፎ ቢጽፍ ኖሮ አብሬው እቆም ነበር።

እሱ ግን የነቀፈው ሴቶቹን ነው። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ለምን እንደሚያዩ ከራሳቸው አንደበት የተወሰደ አንድ ቃል እንኳ አላገኘሁበትም። አንዷን ጠይቋት ይሆን? ካልጠየቀ፣ ሱቄ ከትንሣኤ በኋላ ደግሞ በሙሽሮች ይሞላል። በቀትር ይምጣና ይጠይቃቸው፤ የሚሉትንም እንዳሉት ይጻፍላቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቬሎ አከራይ፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ