የመጠጥ ፈቃድ ላላችሁ አባላት

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

በካሊፎርኒያ ምግብ ቤትና ባር ያላችሁ ስለ አስተናጋጆች ሰርተፊኬት ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁን ነው ይህን የጻፍነው።

ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ እዚያው ቤቱ ውስጥ የሚጠጣ አልኮል የሚቀዳ፣ ትእዛዝ የሚቀበል ወይም መታወቂያ የሚያይ ሠራተኛ ሠልጥኖ ፈተና ማለፍ አለበት። አለቃውም እንዲሁ። አዲስ ተቀጣሪ ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው። ሰርተፊኬቱ ለ3 ዓመት ብቻ ስለሚያገለግል በመጀመሪያው ዙር የወሰዳችሁ ቀኑን እዩት። «ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው የምትሠራው» ማለትም አያዋጣም።

ለእኛ ሰው ከባዱ ግን ወረቀቱ አይደለም፤ «በሞቴ፣ አንድ ጨምር» ነው። መስከሩ በግልጽ ለሚታይ ሰው መሸጥም ሆነ መስጠት ወንጀል ነው። ደንበኛው ዘመድ ቢሆን፣ ጋባዡ ራሱ ባለቤቱ ቢሆን ለውጥ የለውም። እንቢ ማለት እንደሚያሳፍር እናውቃለን። አስተናጋጇ እንቢ ስትል እናንተ ከኋላዋ ቁሙ እንጂ «ተይው፣ ስጪው» አትበሉ። ውሃና ትኩስ ጥብስ ማቅረብ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያበርደዋል።

ሽያጩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ማለትም በአሜሪካው 2 ኤኤም ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እዚያው ቁጭ ብሎ መጠጣትም ክልክል ነው። ስለዚህ ብርጭቆው ቀድሞ ይነሳ፤ ቡና ግን ማፍላት ይቻላል።

የሠራተኞቻችሁን ሰርተፊኬት ማስረጃ በአንድ ፋይል አስቀምጡ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚጠይቀው እናንተን ነው።