ከበረዶው በኋላ ለደረሱልን ሁሉ፣ ከሁሉም በፊት ለጋሼ

ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋና ለፈጣሪ ይሁን። የፍልሰታው ሰሞን በረዶ የኮንዶሚኒየም ግቢያችንን አበባ ምን አድርጎት እንደሄደ ያላየ ነዋሪ የለም፤ ያላየም ፎቶው በስልኩ ደርሶታል፤ ስለዚህ አንደግመውም። ወርኃ ጽጌ መስከረም 26 ገብቶ ኅዳር 5 ይወጣል። ዘንድሮ ባዶ መደብ እያየን የምናሳልፈው መስሎን ነበር። በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት በሩ አጠገብ ያለችው የድሮዋ ሮዝ ጽጌረዳ ተከፈተችና ሽታዋ በደረጃው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጣ። ይህ ደብዳቤ የተጀመረው ያን ዕለት ነው።

ጋሼ፣ ከእርስዎ እንጀምር። ስሜን እንዳትጽፉ ብለው ስላስጠነቀቁን አንጽፍም፤ የሚያውቅዎ ያውቅዎታል። በዚያ ጠዋት ግማሻችን ዶማ ይዘን ለመንቀል፣ ግማሻችን ለአዲስ ችግኝ መዋጮ ለመሰብሰብ ስንሯሯጥ፣ እርስዎ መደቡ ውስጥ ተንበርክከው የአንዷን ግንድ ልጣጭ በጥፍርዎ ጫር አደረጉ። ውስጡ አረንጓዴ ነበር። ዶማውን ያስመለሰችው ያች ጭረት ናት። ከልጣጩ ሥር አረንጓዴ ካለ ግንዱ ሕያው ነው፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ትንሽ ወደ ታች ወርዶ እንደገና መጫር ነው፤ እስከ አፈሩ ድረስ ቢደርቅ እንኳ ሥሩ ገና ቃሉን አልሰጠም።

ይህ ለሁሉም ጽጌረዳ እንደማይሠራም ያስረዱን እርስዎ ነዎት። ከአበባ እርሻ የሚመጣው ጽጌረዳ በአብዛኛው በሌላ ጠንካራ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተጣበቀ ነው። የላይኛው ከሞተ ከታች የሚያቆጠቁጠው የሥሩ ባለቤት እንጂ የምናውቀው አበባ አይደለም። የእኛዎቹ ግን ከቁራጭ እንጨት ተተክለው በራሳቸው ሥር ላይ የቆሙ ናቸው። ከአፈር ውስጥ ብቅ የምትለው ቀንበጥ ያችው ራሷ ናት።

ራሷ መሆኗ ለምን እንዲህ እንዳስጨነቀን ከግቢው ውጭ ያለ ሰው ላይገባው ይችላል። አንዷ ከፒያሳ፣ አንዷ ከካዛንቺስ፣ አንዷ ከአራት ኪሎ ጓሮ ተቆርጣ በቀለም ጣሳ የመጣች ናት። ቤቶቹ ዛሬ የሉም። ለገበያ የሚመረተው ጽጌረዳ የሚመረጠው ግንዱ እንዲረዝም፣ መንገድ እንዲችል፣ በማስቀመጫ ብዙ ቀን እንዲቆይ ስለሆነ ሽታው በአብዛኛው ቀርቷል፤ አፍንጫውን አስጠግቶ የሚያሸት ሰው የሚፈልገውን አያገኝም። የድሮዋ ሮዝ ጽጌረዳ ተቆርጣ ሦስት ቀን ብትቆይ ነው። ሽታዋ ግን የቆርቆሮ አጥሩን፣ የከሰሉን ጭስ፣ የቅዳሜውን የልብስ እጥበት ይዞ ይመጣል። ይህን በመዋጮ ከየት እንገዛው ነበር?

አሁን ወደ መቀሱ። ጋሼ በመጀመሪያው ቀን አላስቆረጡንም፤ ያስደረጉን ማጽዳት ብቻ ነው። የረገፈው ቅጠል በሙሉ ተለቅሞ ከግቢው ወጣ፤ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥም አልገባም፤ ምክንያቱም ቅጠል ላይ ጥቁር ነጥብ የሚያወጣው በሽታ በረገፈ ቅጠል ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ቅጠል ሰባት ሰዓት ያህል ከረጠበለት ደግሞ ይጀምራል። በክረምት ሰባት ሰዓት ምን አላት? ወዲያው ቁስሉ ሳይቆይ መዳብ ያለበት የፈንገስ መድኃኒት እንደ ማሸጊያው መመሪያ ተረጨ። በበረዶ የተቀዳደደውን ግን ገና ግንዱ ላይ ያለውን ቅጠል እንዳንነካ ከለከሉን። ለዓይን ያስጠላል፤ ግማሽ ቅጠልም ቢሆን ግን ተክሉን ይመግባል።

መግረዙ የተጀመረው ከሳምንት በኋላ ነው። መቀሱ ተስሎ፣ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲታለፍ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ውስጥ እየተነከረ። (በረኪና ብረት ይበላል፤ ማታ ታጥቦ ዘይት ይቀባ።) የሚቆረጠው ወደ ውጭ ከሚመለከት ዓይን (ቀንበጥ ከሚወጣበት እብጠት) ግማሽ ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ውሃው ከዓይኑ በተቃራኒ እንዲወርድ ሰያፍ ተደርጎ ነው። ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ከተረፈ ያ ጉቶ ይደርቅና ድርቀቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ በጣም ከተጠጋ ደግሞ ዓይኑ ራሱ ይደርቃል። የተቆረጠው ግንድ መሐሉ ነጭ ወይም ፈዛዛ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ ዝቅ እየተባለ ይቆረጣል። በረዶው ልጣጩን የገሸለጠው ግንድ ላይ ቁስሉ ከዙሪያው ግማሽ በታች ከሆነ ተዉት፤ ዙሪያውን ከላጠው ከቁስሉ በታች ቁረጡት።

ጋሼ፣ ያ ሁሉ ዝናብ እየወረደብዎ፣ ጉልበትዎን እያሻሹ፣ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው ሲሄዱ "ጃንጥላ እንያዝልዎ" ብንል "ጃንጥላውን ለችግኙ ያዙለት" ያሉን ነገር እስካሁን ያስቃል፣ ያስለቅሳልም። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። የቡና ቁርስዎን እንኳ ቆመው ነው የበሉት።

አንድ ጥፋት ግን መናዘዝ አለብን። ከእኛ አንዱ (ማን እንደሆነ ራሱ ያውቃል) ቶሎ እንዲያገግሙ ብሎ በግራ በኩል ላለው መደብ ዩሪያ በተነ። ቀንበጡ በእርግጥ ቶሎ ወጣ፤ ለስላሳ፣ ውሃ የሞላው ሆኖ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ክሽክሽ (የቀንበጡን ውሃ የሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት) ወረረው። ተክሉ በቁስል ላይ እያለ ማዳበሪያ አይሻም፤ አዲሱ ቀይ ቀንበጥ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን ለእያንዳንዱ ተክል ግማሽ ባልዲ የበሰለ ብስባሽ፣ ከግንዱ አንድ ጋት ራቅ አድርጎ ዙሪያውን ማልበስ በቂ ነው። ለክሽክሹ ጋሼ ያዘዙት አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ፣ ማታ ማታ፣ ከቅጠሉ ሥር ነው። በአንድ ቅርንጫፍ ሞክሮ አንድ ቀን ማየት ይሻላል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን አይሆንም፣ ቅጠል ያቃጥላል። ጉንዳን በግንዱ ላይ ሲመላለስ ካያችሁ ክሽክሹ እዚያው አለ ማለት ነው፤ ከክሽክሹ የሚወጣውን ማር የመሰለ ፈሳሽ እየለቀመ ይጠብቀዋል። ቀይዋን ባለ ነጥብ ጥንዚዛ ካያችሁ ደግሞ መርጨቱን ተዉት፤ ሥራውን እሷ ትጨርሰዋለች።

የተቆረጠውም እንጨት አልተጣለም። ይህ ከሁሉ የገረመን ነው። እርሳስ የሚያህለው ውፍረት ተመርጦ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ተቆረጠ፣ ሦስት አራት ዓይን ያለው። ታቹ ከዓይን ሥር ቀጥ ብሎ፣ ላዩ ሰያፍ ሆኖ ይቆረጣል፤ ይህ ለውበት ሳይሆን ማን ላይ ማን ታች እንደሆነ እንዳይጠፋ ነው። ተገልብጦ የተተከለ አይበቅልም። ግማሽ አሸዋ ግማሽ የተነፋ ብስባሽ አፈር ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ተቀብሮ፣ ታቹ የተቆረጠ የሃይላንድ ፕላስቲክ ይደፋበታል፤ ክዳኑ ቀን ቀን ይከፈታል። ሥር ለማውጣት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል። በመሐል ቅጠል ያወጣል፤ ይህ ሰው ያታልላል። ቅጠሉ በእንጨቱ ውስጥ ባለው ስንቅ የወጣ ነውና "ያዘልኝ" ብሎ የሚነቀንቅ ሰው ጨቅላውን ሥር ይበጥሳል። ታቹ ጠቁሮ ከተገኘ ውሃ በዝቶበታል። ከሦስቱ አንዱ ቢበሰብስ አትዘኑ።

ጉድጓድ ለቆፈራችሁ ወጣቶች፦ የኮንዶሚኒየም አፈር ምን እንደሆነ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ግማሽ ሜትር ወርዳችሁ ያወጣችሁት የሲሚንቶ ፍርፋሪና የብሎኬት ስብርባሪ ነው ቅጠሉን ሲያስገረጣ የኖረው፤ ኖራው አፈሩ ውስጥ ያለውን ብረት ተክሉ እንዳይወስድ ያስረዋል፤ ለዚህ ነው ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ የሚቀረው። እኛ ለዓመታት ውሃ ያነሰው እየመሰለን ስናጠጣው ኖረናል።

በዋናው መንገድ ዳር አበባ የምትሸጪው እህታችን፣ ባልዲዎችሽን በነፃ ስላዋስሽንና የቤተ ክርስቲያኑን አበባ እንዴት እንደምናቆይ ስላሳየሽን እናመሰግናለን። ጠዋት በማለዳ፣ ከአበባው ሥር ያሉት አረንጓዴዎቹ ቅጠሎች ወደ ታች ታጥፈው የራሱ የአበባው የመጀመሪያ ቅጠል ላላ ሲል መቁረጥ፤ ወዲያው ባልዲ ውስጥ መንከር፤ ውሃ የሚነካውን ቅጠል ሁሉ መግፈፍ፤ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ጥቂት ጠብታ በረኪና፤ በየሁለት ቀኑ ውሃውን መቀየርና ከግንዱ ጫፍ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር መቁረጥ። ስኳሩ አበባውን ይመግባል፤ ግንዱን የሚደፍነውን ትል የማይመስል ትል (በዓይን የማይታየውን ተህዋስ) የሚገድለው በረኪናው ነው። አንቺ እንዲህ ብለሽ ነው ያስረዳሽን፤ ከዚህ የተሻለ አባባል አላገኘንለትም።

ልጆች! አደይ አበባውን ያተረፋችሁት እናንተ ናችሁ። አናቱ ሲሰበር ከታች ካሉት አንጓዎች ቅርንጫፍ እንደሚያወጣ ሳትሰሙ አታጭዱት ብላችሁ ተከራክራችሁ፤ እውነትም አጭር ሆኖ ለደመራ ደረሰ። አሁን አንድ ሥራ ቀርቷችኋል። አናቱ ደርቆ ሲጠቁር፣ ዘሩ ሳይበተን፣ በወረቀት ከረጢት ልቀሙት፤ በፌስታል ከሆነ ይሻግታል። በግንቦት መጨረሻ በላይ በላዩ ተዘርቶ አፈር ስስ ብሎ ይነሰነስበት። ፍግ አያስፈልገውም፤ ከጠገበ ይረዝምና ይወድቃል።

እድራችን፣ ጥበቃዎች፣ ቡናና ቂጣ ያቀረባችሁ እናቶች፣ የውሃ ቦቴ ሹፌሩ፣ ከዋሽንግተንና ከሪያድ መቀስና ጓንት የላካችሁ፣ መዋጮውን መልሱልን ሳትሉ ለአሸዋ ያደረጋችሁ፣ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልን፤ ጀዛኩሙላህ ኸይር። ጤና አዳሙን፣ አሪቲውንና የሥጋ መጥበሻውን ከበረዶው ማግስት ጀምሮ ሳትነግሩን ስትኮተኩቱ የከረማችሁት እነማን እንደሆናችሁ እስካሁን አላወቅንም። ስማችሁን የዘለልናችሁ ይቅርታ አድርጉልን፤ ዝርዝሩ የተጻፈበት ወረቀት ራሱ በዝናቡ ርሷል።

ሥር ያወጡት ቁራጮች ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ባለው እሑድ ጠዋት ይታደላሉ። ከፒያሳዋ፣ ከካዛንቺሷና ከአራት ኪሎዋ ለየብቻ ምልክት ተደርጎባቸዋል። ጣሳ ይዛችሁ ኑ፤ ታቹ አራት አምስት ቦታ የተበሳ ይሁን። የመጀመሪያዋ የጋሼ ናት።

የግቢው የአበባ ኮሚቴ